ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። ዛሬ የምተርክላችሁ ከሩቅ የመጣ ነው፤ አፍሪካን አቋርጦ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ከዓለም ጫፍ ከአርጀንቲና። አገሩ ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ ብቻ። ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ የተንከራተተች እናት የማያውቅ ሰው በመካከላችን ስለሌለ፣ እኩለ መንገድ ሳንደርስ እኔን ቀድማችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ቢሆንም ታገሡኝ፣ ከመነሻው ልጀምርላችሁ። ቀኑን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፣ የእኛን የምጠራው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ማርች 24 ቀን 1976 የአርጀንቲና ወታደሮች መንግሥት ገለበጡ። ምድር ጦሩን የያዘው ሆርሄ ቪዴላ፣ ባሕር ኃይሉን የያዘው ኤሚሊዮ ማሴራ፣ አየር ኃይሉን የያዘው ኦርላንዶ አጎስቲ ሦስት ሆነው ተቀመጡና አገሩን በጋራ ይገዙ ጀመር። ከዚያም ሌሊት ሌሊት ታርጋ የሌላቸው ፎርድ ፋልከን መኪኖች በየሰፈሩ መዞር ጀመሩ፣ ከዚያም ሲቪል የለበሱ ሰዎች በር እየሰበሩ ገቡ፣ ተማሪውን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ መምህሩን፣ ጠበቃውን ዓይኑን ሸፍነው ወሰዱት፣ ከዚያም ወዲህ የለም። ከሳሽ የለ፣ ዳኛ የለ፣ አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ጎረቤታቸው ቺሌ ከሦስት ዓመት በፊት እስረኞቿን ስታዲየም ውስጥ ሰብስባ ዓለም ሁሉ ጮኾባት ነበርና፣ እነዚህኞቹ ያለ ምስክር መሥራትን መረጡ። ቪዴላ ኋላ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ የተሰወረ ሰው በሕይወትም የለም፣ አልሞተምም፣ በቃ የለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ልውሰዳችሁ። ከዋና ከተማው ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ፣ ሪያቹዌሎ የሚባለውን የቆሸሸ ወንዝ ድልድይ ከተሻገሩ ወዲያ፣ አቬያኔዳ የምትባል የፋብሪካና የቄራ ሠራተኛ የሞላባት ከተማ አለች። አዙሴና ቪያፍሎር እዚያ በ1924 ተወለደች፣ እዚያው አደገች፣ ገና በልጅነቷ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ስልክ አገናኝ ሆና ተቀጠረች፣ እዚያው ባሏን ፔድሮን አገኘች፣ አገባች፣ አራት ልጆች ወለደች። የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሃምሳን አልፋ ነበርና ወይዘሮ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ እህቴ ስለምቆጥራት አንቱታውን ትቼ ነው የምተርክላችሁ፣ አትቀየሙኝ።

ኖቬምበር 30 ቀን 1976 ልጇን ኔስቶርን ከፍቅረኛው ከራኬል ጋር ወሰዱት። አዙሴናም በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ፍለጋ ወጣች አልላችሁም፣ ጫማዋን አላውቅም፤ መውጣቷን ግን አውቃለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፣ ከዚያ ጦር ሰፈር ሄደች፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ አገር ግዛት ሚኒስቴር፤ በሄደችበት ሁሉ እዚህ የለም ተባለች፣ ምናልባት ከአገር ወጥቶ ይሆናል ተባለች፣ ሌላ ቀን ነይ ተባለች። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ በየፍርድ ቤቱ በገፍ ይገባ ነበር፣ መልሱ ግን በተመሳሳይ ቃል ይመለስ ነበር፣ አቤቱታውን ከሚጽፉት ጠበቆች ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው እየተሰወሩ ሄዱ። በዚያው ዘመን እኛ አገር እናት ቢያንስ ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ሳህኑ ባዶ ከተመለሰ ልጁ በልቷል ማለት ነበር፣ አለ ማለት ነበር፤ ልብሱን ውሰጂ ያሏት ዕለት ደግሞ ቁርጧን ታውቅ ነበር። የአርጀንቲና እናቶች ስንቁን የሚያደርሱበት በር እንኳ አልነበራቸውም።

በየደጃፉ ስትመላለስ ታዲያ አዙሴና አንድ ነገር አየች። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ሁልጊዜ ያው ናቸው። አንዷ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች፣ አንዷ የልጇን ፎቶግራፍ ታወጣና መልሳ ትከተዋለች፣ ሌላዋ ግድግዳ ታያለች፣ ስማቸው ሲጠራ አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፣ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። በባሕር ኃይሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሮ የነበረው አንድ ቄስ የተሰወሩትን ስም በካርድ እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር፤ እናቶቹ ወሬ ቢያገኙ ብለው እሱም ዘንድ ይሰለፉ ነበር። እዚያ ሰልፍ ላይ ሳሉ ነው አዙሴና፣ እንዲህ ለየብቻችን ስንመላለስ የትም አንደርስም፣ አንድ ላይ ሆነን አደባባዩ ላይ እንቁም ያለችው። አጠገቧ ያሉት ተያዩ፣ ከዚያም እሺ አሉ።

አደባባዩ ፕላዛ ደ ማዮ ይባላል። በአንድ ወገን ሮዝ ቀለም የተቀባው ቤተ መንግሥት፣ በሌላው ካቴድራሉ፣ በመካከሉ ነጭ ሐውልት። ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1977፣ ዐሥራ አራት ሴቶች እዚያ ተገናኙ። እዚያ አገር ወቅቱ ከእኛ ጋር የተገላበጠ ነውና ኤፕሪል ቅጠል የሚረግፍበት፣ ብርድ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ቢሮ ዝግ ነው፣ ባንክ ዝግ ነው፣ አደባባዩ ጭር ያለ ነው፤ ስለዚህ ማንም አላያቸውም። በሚቀጥለው ዓርብ እንገናኝ ተባባሉ፣ ኋላ ከመካከላቸው አንዷ ዓርብ ገዱ አያምርም ስላለች ወደ ሐሙስ አዞሩት። ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሕዝቡ ከባንክና ከቢሮ ሲወጣ ሲገባ። እንዲህ ባለ ተራ ምክንያት ነው ያ ቀንና ያ ሰዓት የተመረጠው።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኤፕሪል 30 ቀን 1977 በእኛ ሚያዝያ 22 ቀን 1969 ነው። የዋዜማው ሌሊት፣ ሚያዝያ 21፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለላብ አደሮች ቀን ሊሰለፉ የተሰናዱ ወጣቶች በጅምላ የተረሸኑበት ሌሊት ነው። እነዚያ ዐሥራ አራት ሴቶች ነጩን ሐውልት ተጠግተው በቆሙበት ቀን፣ የእኛ እናቶች ከሆስፒታል ሬሳ ቤት ደጃፍ ቆመው ነበር። አንዳንዱ ወላጅ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈል ተባለ፣ አንዳንዱ ድንኳን መትከል፣ ደረት መምታት፣ ጥቁር መልበስ ተከለከለ። ሁለቱ አገሮች አይተዋወቁም፣ ገዢዎቻቸውም አንዱ ግራ ነኝ ይላል፣ ሌላው ቀኝ ነኝ ይላል፤ በእናት ላይ ሲደርሱ ግን ሥራቸው ያው ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ አደባባዩ ልመልሳችሁ፣ ወደ እኛ ደግሞ ጥቂት ቆይተን እንመለሳለን።

ፖሊሱ መጣና መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ቆሞ ማውራት አይቻልም፣ ተንቀሳቀሱ አላቸው። እነሱም ተንቀሳቀሱ። ሁለት ሁለት ሆነው ክንድ ለክንድ ተያያዙና ሐውልቱን እንደ አውድማ በሬ ይዞሩት ጀመር፣ ተንቀሳቀሱ ስለተባሉ፣ ሲዞሩም ዋሉ፣ በሚቀጥለው ሐሙስም መጡና ዞሩ። ከዚያም ዐሥራ አራቱ ሃያ ሆኑ፣ ሃያው ሃምሳ ሆነ፣ ከዚያም አለፈ። ወታደሮቹ እብዶቹ ብለው ስም አወጡላቸው። ፖሊሱ አንዷን ነጥሎ መታወቂያ አምጪ ሲላት ሁሉም ቦርሳቸውን ከፍተው መታወቂያቸውን እየዘረጉ ይከቡታል፣ እሱም የዘረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ መዝግቦ እስኪመልስ ድረስ አደባባዩ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝምላቸዋል። እኔ ይህችን ዘዴ ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው፣ እነሱም ሳይስቁ አልቀሩም።

ከመካከላቸው ኤስተር ባዬስትሪኖ የምትባል ፓራጓያዊት ነበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፣ ከአገሯ አምባገነን ሸሽታ የመጣች፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት የምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሆርሄ ቤርጎሊዮ የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ በሥሯ ነበር። ያን ስም ያዙልኝ። ጁን 1977 የኤስተርን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወሰዷት፣ ልጅቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ኤስተር ከእናቶቹ ጋር ዞረች፣ ዞረች፣ አራት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ልጅቱ ተለቀቀች። ሰውነቷ ተሠቃይቶ፣ ግን በሕይወት። ኤስተር ሴት ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ስዊድን እንዲጠለሉ አደረገች፣ ከዚያም ተመልሳ መጣች። ሐሙስ ዕለት አደባባዩ ላይ ሲያዩዋት እናቶቹ፣ አንቺ ልጅሽን አግኝተሻል፣ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሂጂ አሏት። እሷም የሁላችንም ልጆች እስኪገኙ እቆያለሁ አለች። ከዚያም ተራዋን ይዛ መዞር ጀመረች።

ኦክቶበር ደረሰ፣ እዚያ አገር የጸደይ ወር ነው፣ ወጣቱ ሁሉ ከቦነስ አይረስ ተነሥቶ ወደ ሉሃን ቤተ ክርስቲያን በእግሩ የሚሳለምበት ጊዜ። ከከተማው ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቶቹም እንሂድ፣ እየጸለይን የልጆቻችንን ነገር ለሕዝቡ እንንገር አሉ፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ እርስ በርስ በምን እንተያይ? ያን ጊዜ አንዷ፣ ሁላችንም ቤታችን ውስጥ ለማስታወሻ ያስቀመጥነው የልጆቻችን የሽንት ጨርቅ አለ፣ እሱን በራሳችን ላይ እንሰር አለች። እነሱም እንዳለችው አደረጉ። ያን ጊዜ የሽንት ጨርቅ እንደ አሁኑ ተጠቅመው የሚጥሉት አልነበረም፣ የሚታጠብ፣ የሚሰጣ፣ የሚታጠፍ ነጭ ስስ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የእነዚያ እናቶች ነጭ ሻሽ አመጣጡ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደሚከብደው ቦታ ደርሰናል፣ ቀስ እያልን እንሂድ።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ግድም አንድ ወጣት አደባባዩ ላይ ብቅ ማለት ጀመረ። ጸጉሩ ወርቅማ፣ ፊቱ የልጅ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ስሜ ጉስታቮ ኒኞ ነው፣ ወንድሜ ተሰውሮብኛል አለ። አዙሴና ስታየው አንጀቷ ተላወሰ፤ የኔስቶር እኩያ ነው፣ ወንድሙን ያጣ ነው። አቅርባ ያዘችው፣ እዚህ አትቁም፣ ልጅ ስለሆንክ ይይዙሃል እያለች ትመክረው ነበር። እሱም ፖሊስ ሲመጣ ከእናቶቹ ፊት ይቆም ነበር፣ ስብሰባቸው ላይ ይገኝ ነበር፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር። እውነተኛ ስሙ አልፍሬዶ አስቲዝ ነው፣ የባሕር ኃይል መኮንን። የሚመጣው ኤስማ ከሚባለው፣ ከባሕር ኃይሉ የመካኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ትልቅ ጎዳና ዳር ያማረ ሕንፃ፣ በውስጡ ሰው የሚገረፍበት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ እንዴት የማያውቁትን ሰው አስጠጉ ይላል። እኔ ይህ ጥያቄ አይዋጥልኝም። ልጇን ያጣች ሴት ወንድሙን ያጣ ልጅ መጥቶባት ማስረጃ አምጣ እንድትለው ነው የሚፈለገው? የአስቲዝ ብልሃት እኮ ያ ነበር፤ ደግነታቸውን መግቢያ በር አደረገው።

እናቶቹ ለገና በዓል ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሊያወጡ አሰቡ። የልጆቻችንን እውነት ንገሩን የሚል፣ ሌላ ምንም የማይጠይቅ፣ ከሥሩ የፈረሙት ሰዎች ስም የተዘረዘረበት። ለጋዜጣው የሚከፈል ገንዘብ ከየሰዉ ይሰበሰብ ጀመር፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ። ዲሴምበር 8 ቀን 1977 ሐሙስ ነበር፣ የእመቤታችን በዓል፣ የበጋው ሙቀት የጀመረበት። በሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳን ክሪስቶባል ሰፈር፣ ማምሻውን ተሰበሰቡ፣ ገንዘቡን ቆጠሩ፣ ስም ሞሉ። ጉስታቮም ነበረ። እነማን መወሰድ እንዳለባቸው ለጓዶቹ ያሳየው እያቀፈና እየሳመ ነበር ይባላል፣ እንደ ይሁዳ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ መኪኖች ቆመዋል፣ ታጣቂዎች ወረዱ፣ ኤስተርን ያዙ፣ ማሪያ ፖንሴን ያዙ፣ ፈረንሳዊቷን መነኩሲት እማሆይ አሊስ ዶሞንን ያዙ፣ ሌሎችንም ያዙ፣ ቅዳሴ የወጣው ምዕመን እያየ።

አዙሴና በዚያ ምሽት እዚያ አልነበረችም። ወሬውን ስትሰማ ሌሎቹ፣ እንግዲህ ይቅርብን፣ እንደበቅ አሉ። እሷ ግን ማስታወቂያው መውጣት አለበት አለች። በማግስቱ ገንዘቡንና የስም ዝርዝሩን ላ ናሲዮን ለሚባለው ጋዜጣ አደረሱ። ዲሴምበር 10 ቅዳሜ ነበር፣ የዓለም የሰብአዊ መብት ቀን የሚከበርበት። ማስታወቂያው ወጣ። ከተዘረዘሩት ስሞች መካከል ጉስታቮ ኒኞ የሚል አለበት፤ አስቡት፣ አስገዳዩ ከተገዳዮቹ ጋር አብሮ ፈርሟል። አዙሴና በጠዋት ተነሣች፣ ጋዜጣውን ልግዛ ብላ ከቤቷ ወጣች፣ ጥቂት እንደ ሄደች ታጣቂዎች ከመኪና ወርደው ያዟት፣ ታገለች፣ ጎትተው አስገቧት። በዚያው ቀን የእማሆይ አሊስን ባልንጀራ፣ እማሆይ ሊዮኒ ዱኬን፣ ራሞስ ሜሂያ ከሚባል ቦታ ከመኖሪያቸው ወሰዷቸው። እነዚህ መነኮሳት ቀድሞ የአእምሮ ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ሲንከባከቡ ከተንከባከቧቸው አንዱ የቪዴላ የገዛ ልጁ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተያዙት ዐሥራ ሁለት ሆኑ።

ከዐሥራ ሁለቱ ቦምብ የወረወረ የለም። ልጃችን የት ነው ያሉ ናቸው፣ ከእነሱ ጋር የቆሙ ናቸው። ገዢዎቹ ሴቶቹን መሪ አልባ ካደረግን ሐሙስ ይቀራል ብለው ነው ያሰቡት።

ሁሉንም ኤስማ አስገቧቸው። ከዚያ የተረፉ እስረኞች ኋላ እንደ መሰከሩት፣ እዚያ አይተዋቸዋል፣ ሥቃያቸውን አይተዋል። ሁለቱን መነኮሳት ደግሞ በሽምቅ ተዋጊዎች ሰንደቅ ፊት አቁመው ፎቶግራፍ አነሷቸው፣ ያፈኗቸው አማፂዎቹ ናቸው ለማለት፤ ፎቶግራፉም ውሸት መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ዲሴምበር 14 ረቡዕ ሌሊት አውሮፕላን ላይ ጫኗቸው። በኤስማ የነበረው ሥርዓት ይህ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ ልትዛወሩ ነው ይባላሉ፣ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋሉ፣ ከዚያም ከነነፍሳቸው ባሕር ላይ ይጣላሉ።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር።

ስንት ሰው እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ባሎቻቸው አትሂዱ ይሏቸዋል፣ የቀሩት ልጆቻቸው እኛስ እናት አያስፈልገንም ወይ ይሏቸዋል፣ ይህም እውነት ነው፣ መልስ የሌለው እውነት ነው። የመጡት ጥቂት ነበሩ። ግን መጡ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያ በበጋ ፀሐይ፣ ክንድ ለክንድ ተያያዙና ዞሩ። ከእነዚያ አንዷ ኤቤ ደ ቦናፊኒ ናት፤ አንድ ልጇን በዓመቱ መጀመሪያ ወስደውባታል፣ ሁለተኛውን የወሰዱባት ገና በዚያው ወር ነበር። ኋላ መሪያቸው የሆነችው እሷ ናት።

በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫ በአርጀንቲና ሆነ። ውድድሩ የተከፈተው ጁን 1 ቀን 1978 ነው፣ እሱም ሐሙስ ነበር። የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ስታዲየም ገብቶ ሳለ፣ የሆላንድ ቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው ወደ አደባባዩ ሄዱ። እናቶቹ ከበቧቸው፣ ልጆቻችንን ፈልጉልን፣ ከእናንተ ሌላ ተስፋ የለንም እያሉ በማይክሮፎኑ ጮኹ። ስታዲየሙ ከኤስማ ሩቅ አይደለም፤ ጎል ሲገባ ጩኸቱ እስረኞቹ ዘንድ ይደርስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበልላችሁ። ወታደሮቹ በ1982 ከእንግሊዝ ጋር በማልቪናስ ደሴቶች ተዋግተው ተሸነፉ፣ ያ አስቲዝም ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ላይ እጁን የሰጠው ያን ጊዜ ነው። በ1983 ምርጫ ሆነ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ1984 የተሰወሩ 8,961 ሰዎችን መዘገበ፣ የመብት ማኅበሮቹ ግን ቁጥሩን 30,000 ይላሉ። በ1985 ቪዴላና ማሴራ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ ከዚያም ምሕረት ተባለና ተፈቱ፣ ለሌሎቹም እንዳይከሰሱ ሕግ ወጣላቸው። እናቶቹም እርስ በርስ ተጣልተው በ1986 ለሁለት ተከፈሉ። ይህን የምነግራችሁ የቅዱሳን ገድል እየተረክሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ክላይድ ስኖው የሚባል የአፅም አዋቂ አሜሪካዊ በ1984 ቦነስ አይረስ መጣና ጥቂት ተማሪዎችን አስተማረ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ይፈሩ ነበር፣ መቃብር ሲቆፍሩ ያለቅሱ ነበር። ከዚያም የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የሚባለውን መሠረቱ፣ ሥራቸውም አገር አልፎ ሄደ። እነሆ አሁን ወደ እኛ ተመለስን። ደርግ ወድቆ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከተቋቋመ በኋላ፣ በዘጠናዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ እነዚህ አርጀንቲናውያን አዲስ አበባ ድረስ ተጠርተው መጥተው የጅምላ መቃብር ቆፍረዋል፣ ከአፅሞቹ አንገት ላይ የታነቁበትን የናይለን ገመድ አግኝተዋል፣ የቤተሰብ ቃል ሰብስበዋል። እርሟን ሳታወጣ የቆየች ኢትዮጵያዊት እናት ልጇን የለየላት፣ የእነዚያን ሐሙስ ሐሙስ የሚዞሩ እናቶች ልጆች ሲፈልግ የኖረ እጅ ነው።

የእነ አዙሴናን ነገር ደግሞ ስሙ። በዲሴምበር 1977 መጨረሻ፣ ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ ሳንታ ቴሬሲታ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ሰዎች ለበጋ ዕረፍት በሚመጡበት አሸዋ ላይ፣ ማዕበሉ አስከሬኖች አውጥቶ ጥሎ ነበር። የአካባቢው ሐኪም መርምሮ፣ ከከፍታ የወደቁ ናቸው ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሄኔራል ላቫዬ በምትባል ትንሽ ከተማ መቃብር ውስጥ ስማቸው ያልታወቀ ተብለው ተቀበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ተኙ። ባለሙያዎቹ ወረቀቱን ከወረቀት፣ ቀኑን ከቀን እያገናኙ ደረሱባቸው፣ አወጧቸው፣ አፅማቸውን ከዘመዶቻቸው ደም ጋር በዲ ኤን ኤ አመሳከሩ፣ በ2005 ስማቸው ተመለሰላቸው፤ አዙሴና፣ ኤስተር፣ ማሪያ ፖንሴ፣ እማሆይ ሊዮኒ፣ ሌላም አንዲት ሴት።

የኤስተርና የማሪያ ልጆች፣ እናቶቻችን በነፃነት የረገጡት የመጨረሻ መሬት ይህ ነው ብለው በሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ለመቅበር ጠየቁ። ፈቃዱን የሰጡት የቦነስ አይረስ ሊቀ ጳጳስ ያዙልኝ ያልኋችሁ ሆርሄ ቤርጎሊዮ ናቸው፤ ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የተባሉት። የአዙሴናን አመድ ደግሞ ዲሴምበር 8 ቀን 2005 ወስደው በአደባባዩ መካከል፣ ከነጩ ሐውልት ግርጌ ቀበሩት።

ወታደሮቹ እንዳይከሰሱ ወጥተው የነበሩት ሕጎችም በዚያው ዓመት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሻሩ፣ ክሱም እንደገና ተከፈተ። አስቲዝ በኦክቶበር 2011 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ችሎት ላይ ጥፋተኛ ነኝ አላለም። እማሆይ አሊስ ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

አውሮፕላኑስ? እሱንም ደረሱበት። ከኤስማ የተረፈችው ጋዜጠኛ ሚርያም ሌዊን ከአንድ ጣሊያናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ሆና ስትፈልግ በ2010 አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አገኘችው፤ ፖስታ ያመላልስ ነበር፣ ኋላም በፓራሹት ለሚዘሉ መዝናኛ ሆኖ ነበር። በ2023 ወደ አርጀንቲና ተመልሶ ኤስማ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከእሱ ጋር የበረራ መዝገቡ ተገኘ። የዲሴምበር 14 ቀን 1977 በረራ ተጽፎበታል፣ ሌሊት ተነሥቶ ከሦስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይቶ ወደ ተነሣበት የተመለሰ፣ የአብራሪዎቹም ስም ከጎኑ። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ኖቬምበር 2017 ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ ሦስተኛው ፍርዱ ሳይደርስ ሞተ።